አባቴ የቆራረጣቸው ጋዜጦች፦ ከሳጥን ወጥተው የት ይግቡ?

የአራት ኪሎዋ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አባቴ መምህር ነበር። ተወልዶ ያደገው ሐረርጌ ውስጥ ጨርጨር፣ አሰበ ተፈሪ ነው። የዛሬዋ ጭሮ ማለት ነው። አዲስ አበባ መጥቶ አራት ኪሎ ከሰፈረ በኋላ ወደ አገሩ ብዙ አልተመላለሰም። ግን ጋዜጣ ሳይገዛ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። ማታ ራት ከበላ በኋላ መቀሱን ያወጣል። ስለ ጨርጨር አንድ መስመር እንኳ ካለች ይቆርጣታል። የሹመት ዜና፣ የቡና ዋጋ፣ የትምህርት ቤት ምረቃ፣ የመንገድ ሥራ፣ የፍርድ ቤት ጥሪ፣ ምንም አይንቅም። ከመቀሱ የተረፈውን እኛ ልጆቹ ለደብተር መሸፈኛ እንሻማለን።

ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ዕቃ ስንጭን የቆርቆሮ ሳጥኑን አልጋ ሥር አገኘሁት። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። 386 ቁራጭ ነው። የመጀመሪያው የ1948 ዓ.ም. ሲሆን የመጨረሻው የ1971 ነው። አብዛኛው አዲስ ዘመን ነው። የዛሬይቱ ኢትዮጵያም አለ፣ ጥቂት የእንግሊዝኛው ሄራልድም አለ። ቢጫ ሆነዋል። አንዳንዶቹ ገና ሲነኩ ይፈረፈራሉ።

አሁን ያጠፋሁትን ልናገር። ደንግጬ 20ውን ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩና ላሚኔት አስደረግኋቸው። ልጁ «እንዲያምር» ብሎ ዳር ዳሩን በመቁረጫ አስተካከለው። ቤት ገብቼ ሳይ አባቴ በቀይ እርሳስ ዳር ላይ ይጽፋት የነበረችው ፊደል አብራ ተቆርጣለች። በየቁራጩ ላይ አንድ ፊደል አለች፦ አ፣ ሚ፣ ገ፣ ሂ፣ በ፣ ቁ። ምን ማለት እንደሆነች አላውቅም። ከቤተሰብም የሚያውቅ የለም። ግን እጁ ነች። ያን ቀን አለቀስኩ።

የቀረውን 366 ምን ላድርገው? ቤት ላኑረው? ለቤተ መጻሕፍት ልስጥ? ወንድሜ «ማን ያነበዋል» ይለኛል። እኔ መጣል አልችልም።

ዶሮ ማነቂያ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45)

አባትሽን ነፍስ ይማር። በቅንነት ልጠይቅሽ። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ሙሉ ጋዜጣው ተጠርዞ ተቀምጦ የለም እንዴ? ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አለ። አዲስ ዘመን ከግንቦት 30 ቀን 1933 ጀምሮ የወጣ ጋዜጣ ነው። እዚያ ሙሉው ካለ ቁራጩ ምን ይጨምራል? ፎቶ አንሺና ለማስታወሻ ያዢው።

መዝጋቢዋ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30)

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ዶሮ ማነቂያ የጠየቅከው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ሥራ ስጀምር እንዲሁ አስብ ነበር።

እስቲ ተጠርዞ ከተቀመጠው ጋዜጣ ውስጥ ስለ ጨርጨሯ ሂርና ከተማ የወጣ ዜና ልፈልግ ብለህ ቁጭ በል። ማውጫ የለም። የ23 ዓመት ጋዜጣ ገጽ በገጽ ትገልጣለህ። ወራት ይፈጅብሃል። የእህታችን አባት ያንን ሥራ በየማታው ሲሠሩ ኖረዋል። ሌላም አለ። ጥራዝም ቢሆን ቀዳዳ አለው። የጠፋ ቁጥር፣ የተቀደደ ገጽ፣ ውሃ የነካው ወር ይኖራል። የአንድ ክፍለ ሀገር ታሪክ ደግሞ ፊት ገጽ ላይ አይወጣም። አራተኛ ገጽ ታች፣ ከማስታወቂያ ጎን ነው የምታገኘው። «እገሌ የተባሉት የአሰበ ተፈሪ ነዋሪ በዚህ ቀን ፍርድ ቤት እንዲቀርቡ» የሚል ጥሪ ለአገሩ ሰው የዘር ሐረግ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ማን ምን መሬት ነበረው፣ ከማን ጋር ተሟገተ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ።

ሦስተኛው ነገር ለእኔ ትልቁ ነው። ሙሉው ጋዜጣ አዘጋጁ ምን እንደመረጠ ይነግርሃል። ቁራጩ ግን አንድ የጨርጨር ሰው አራት ኪሎ ተቀምጦ ከአገሩ ወሬ የቱን እንደመረጠ ይነግርሃል። ይህን ሌላ የትም አታገኘውም።

ስለዚህ እህቴ፣ መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን አትንኪ። እንደ አባትሽ አቀማመጥ ይቆይ። ፖስታ ውስጥ ከሆኑ የቱ ከየትኛው ፖስታ እንደወጣ ጻፊ። በዓመተ ምህረት ልደርድር ብለሽ እንዳትቀላቅዪው። በዓመት መደርደር ኮምፒውተር ላይም ይቻላል። የእሱን አደራደር ግን አንዴ ካፈረስሽው አይመለስም።

ላሚኔቱን ልጁ ያደረገው በቅንነት ነው፤ አንቺም እንደዚያው። ግን ከእንግዲህ ይብቃ። የጋዜጣ ወረቀት ርካሽ ወረቀት ነው። እንጨቱ ተፈጭቶ፣ ሊግኒን የሚባለው ነገር ሳይወጣለት ነው የሚሠራው። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይቢጫል፣ አሲድ ይፈጥራል፣ በመጨረሻም ይሰባበራል። ላሚኔት ሲደረግ አሲዱ ውስጥ ይታሸጋል። ላዩ ላይ የቀለጠው ፕላስቲክም እንዲህ በቀላሉ አይላቀቅም። የተደረጉትን 20 ለመላጥ አትሞክሪ። እንዳሉ አስቀምጫቸው።

ስኮች አትለጥፊ። ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቡናማ እድፍ ይሆናል። አግራፍና የስቴፕለር ሽቦ ካለ ቀስ ብለሽ አውጪ፣ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላዋል። የታጠፈውን ዘርጊ። እጥፋቱ ላይ ነው የሚቆረጠው። ከአሲድ ነፃ የሆነ ፎልደር እዚህ አገር እንደ ልብ አይገኝም። ካላገኘሽ ንጹህ ነጭ ወረቀት በየመሃሉ አስገቢና ጠንካራ ካርቶን ውስጥ አስተኝተሽ አስቀምጪ። ወረቀቱን በየተወሰነ ዓመት ቀይሪው። ካርቶኑ መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ከውጭ ግድግዳም አይጠጋ። ክረምት ላይ እርጥበቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቆርቆሮው ሳጥን ደግሞ ዝገት ከሌለው መጥፎ አይደለም። አይጥና ምስጥ አይገባበትም።

ሠራተኛ ሰፈር (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15)

ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ።

የአያቴ ቤት ጭቃ ቤት ነበር። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ግድግዳው በጋዜጣ ይለበጣል። ዱቄት በውሃ ታፈላና ሙጫ ትሠራለች። እኛ ጋዜጣውን እንዘረጋለን፣ እሷ በእጇ ትለጥፋለች። ማንበብ የተማርኩት ተኝቼ ግድግዳ እያየሁ ነው። ከአልጋዬ በላይ የጨረታ ማስታወቂያ ነበር፣ ከነቁጥሩ ነበር የማውቀው።

በ2016 ሰፈሩ ሲነሳ ግድግዳው አንድ ቦታ ላይ ተገነጠለ። ከሥሩ ሌላ ጋዜጣ አለ፤ ከዚያ ሥር ደግሞ ሌላ። በየእንቁጣጣሹ አንድ ድርብ! ከላይ የኢሕአዴግ ዘመን፣ ዝቅ ስትል የደርግ፣ ከሁሉ ሥር የጃንሆይ ፎቶ። አያቴ ታሪክ ላስቀምጥ ብላ አልነበረም። ብርድ ለመከላከልና ቤቱ እንዲያምር ነበር።

በስልክ ያቅሜን ፎቶ አነሳሁ። አንድ ጥግ ላይ ሳሙናም ሌላም ሳልጨምር ውሃ ብቻ በመርጫ ትንሽ ትንሽ ነፋሁበት። የዱቄት ሙጫው ለሰለሰና ሦስቱ ተላቀቁልኝ። በጨርቅ መሃል አድርጌ አደረቅኋቸው። ቀለሙ አልለቀቀም። የቀረው ከፍርስራሹ ጋር ሄደ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ፒያሳና አራት ኪሎ እንዲህ ዓይነት ቤት የቀረው ካለ፣ ከመነሳቱ በፊት ግድግዳውን ፎቶ አንሱት። እባካችሁ።

መዝጋቢዋ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡00)

ሠራተኛ ሰፈር፣ ሳታውቀው የባለሙያ ሥራ ነው የሠራኸው። ወረቀት የሚጠግኑ ባለሙያዎች የሚጠቀሙት የስንዴ ስታርች ሙጫ ነው፤ በውሃ ስለሚላቀቅ። አያትህ ስኮች ቢጠቀሙ ኖሮ ሦስቱንም አታገኛቸውም ነበር። የማተሚያ ቀለም ዘይት ስላለው ውሃ ብዙም አያበላሸውም። በእጅ የተጻፈ ካለበት ግን ውሃ አታስነኩ። የእስክሪብቶ ቀለም ይፈሳል።

የቀድሞ አከራይ (ማክሰኞ፣ ቀን 7፡40)

እኔ አራት ኪሎ ጋዜጣ ሳከራይ ኖሬያለሁ። ለማታውቁ፣ ያኔ ሰው ሁሉ ጋዜጣ አይገዛም። ተከራይቶ፣ ደረጃ ላይ ወይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንብቦ ይመልሳል። የሥራ ማስታወቂያ ፈላጊው ይበዛል። የፕሬስ አዋጁ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጣው ሲበዛ ሥራችንም ደራ። አንድ ጋዜጣ በቀን ከስንት እጅ ስንት እጅ እንደሚገባ እኔ ነኝ የማውቀው።

አስቸጋሪው ደንበኛ ቆራጩ ነበር። ጋዜጣውን አጥፎ ይመልስልሃል። ኋላ ስትገልጠው መሃሉ መስኮት ሆኗል። ያኔ እናደድ ነበር። ዛሬ ግን እላለሁ፣ እነዚያ ቁራጮች ምናልባት የሆነ ቤት ሳጥን ውስጥ አሉ። እኔ ጋ የቀረው ጋዜጣ በኪሎ ተመዝኖ መርካቶ ሄዷል። በርበሬና ቆሎ ተጠቅልሎበታል። አንድም አልተረፈኝም።

ልጄ፣ አባትሽ ደንበኛዬ ከነበሩ ይቅር ብያቸዋለሁ። ሳጥኑን ጠብቂው።

ጡረተኛው መምህር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20)

ልጄ፣ የአባትሽ የሥራ ባልደረባ ልሆን እችል ነበር። እኔም በወጣትነቴ ሐረርጌ አስተምሬያለሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ስለ ዘመን አቆጣጠር።

ሄራልዱ ላይ «1960» ተብሎ ታትሞ ካየሽ እንደኛ አቆጣጠር 1960 ብለሽ እንዳትጽፊ። እሱ የፈረንጁ ነው። በእኛ 1952 ወይም 1953 ይሆናል። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሳትሽ ማለት ነው። ያውም በ1952ና በ1953 መካከል መለየት አለብሽ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 በሚሉት ዕለት ነው። በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ወሬውን ያተመው ጋዜጣ ግን የአዲሱ ዓመት፣ የ1953 ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፊ። የታተመውን እንደታተመው፣ ያሰላሽውን ለብቻው።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። በአባትሽ ዘመን ሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ነበረ። ከአብዮቱ በኋላ ክፍለ ሀገር ሆነ። ጨርጨር አሁን ምዕራብ ሐረርጌ ዞን ውስጥ ነው። አሰበ ተፈሪ ጭሮ ተብላለች። ናዝሬትም አዳማ፣ ደብረ ዘይትም ቢሾፍቱ። ጋዜጣው «አሰበ ተፈሪ» ካለ አሰበ ተፈሪ ብለሽ ጻፊና ጎኑ ላይ የዛሬውን አክዪ። የልጅ ልጅሽ ጭሮ ብሎ ነው የሚፈልገው።

ከተማዋን ከጅምሯ ካየናት ራሷ ታሪክ ናት። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲገዙ አርአያ ከተማ ትሁን ብለው የደከሙባት ናት። መንገዷ፣ አትክልቷ፣ የቡና ንግዷ። አባትሽ ያደጉት እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ለምን እንደቆረጡ ይገባኛል።

ኮድ ጻፊው (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05)

በአጭሩ ስለ ዲጂታሉ። ስካነር ካለሽ በ400 ዲፒአይ (የምስሉ ጥራት መጠን ነው)፣ በቀለም። ጥቁርና ነጭ አታድርጊው፣ ቀይ እርሳሱ ይጠፋል። ስካነር ከሌለ ስልክ ይበቃል። በመስኮት ብርሃን፣ ፍላሽ ሳይበራ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ትይዩ አድርገሽ። ጀርባውንም አንሺ! የፋይሉ ስም ከቀኑ ይጀምር። ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፎቶ ላይ አማርኛ ያነባል። በድሮው የማተሚያ ፊደል ላይ ግን ብዙ ይሳሳታል፣ በእጅ ማረም ይፈልጋል። ስትፈልጊም «ሐረር»፣ «ሀረር»፣ «ኀረር» እያልሽ ሞክሪ። በሦስት ቦታ ገልብጪ፦ ኮምፒውተር፣ ፍላሽ፣ ሌላ ሰው ቤት።

ዶሮ ማነቂያ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30)

መዝጋቢዋ አሳምናኛለች። አንድ ነገር ላይ ግን አልለቅም። ዋናውን ቤት አታስቀምጪ። ዛሬ አንቺ አለሽ፣ ነገስ? ወንድምሽ እንዳለው «ማን ያነበዋል» የሚል ይመጣና ይጥለዋል። ስካኑን አስቀሪና ዋናውን ለቤተ መጻሕፍት ስጪ። ወመዘክር ከ1936 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ቤተሰብ ግን ይበተናል። በኮንዶሚኒየም ዕጣ ብቻ ስንት ጎረቤት ተበታተነ?

የአራት ኪሎዋ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00)

ሁላችሁንም አንድ በአንድ አንብቤያችኋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ትናንት ማታ አግራፎቹን ማውጣት ጀመርኩ። በእርግጥም ዝገው ወረቀቱን በስተውታል። ጀርባቸውንም አየሁ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ገልብጬ አይቼ አላውቅም። የቡና ዋጋ ዜና ጀርባ ላይ የግማሽ ሰው ፎቶ አለ። ሌላው ላይ የሲኒማ ማስታወቂያ፣ ግማሹ። ጋሼ እንዳሉኝም ሦስት የሄራልድ ቁራጭ በተሳሳተ ዓመት ጽፌ ነበር፣ አስተካከልኩ።

መስጠቱን ገና አልወሰንኩም። ዶሮ ማነቂያ፣ ያልከው እውነት ነው፣ ግን እጄ አይታዘዝልኝም።

ሂርና (ረቡዕ፣ ቀን 6፡10)

መርካቶ ነጋዴ ነኝ። የሂርና ልጅ ነኝ። አሁን ነው ያየሁት።

እህቴ፣ ፊደሎቹ! አ አሰበ ተፈሪ ነው። ሚ ሚኤሶ፣ ባቡር ጣቢያው። ገ ገለምሶ። ሂ ሂርና። በ በዴሳ። አባትሽ ቁራጩን በከተማ ነው የለዩት። ገለምሶና በዴሳ በድሮው አከፋፈል ሐብሮ አውራጃ ናቸው። የአገሩ ሰው ግን ጨርጨር ሲል እነሱንም ይጨምራል። አባትሽ የጻፉት እንደ አገሩ ሰው ነው፣ እንደ መንግሥት አከፋፈል አይደለም።

«ቁ» ግን አልመጣልኝም። እናቴን እጠይቃለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። «ሂ» የተጻፈባቸውን ብቻ ብትልኪልኝ። አባቴ የሞተው እኔ ሕፃን ሳለሁ ነው። ሂርና ላይ ሱቅ ነበረው ይሉኛል። ስሙ በማስታወቂያም ቢሆን ወጥቶ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።

ጡረተኛው መምህር (ረቡዕ፣ ቀን 8፡25)

ቁኒ! ልጆቼ፣ ቁ ቁኒ ነው። ሁለት ዓመት ያስተማርኩበት አገር ነው፣ እንዴት ወዲያው አልመጣልኝም! ማታ ሲበርድ፣ ጠዋት ደጋው ላይ ጉም ሲነሳ አሁን ድረስ ይታየኛል።

ልጄ፣ ቁ የተጻፈባቸው ስንት ናቸው?

የአራት ኪሎዋ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50)

ጋሼ፣ ዘጠኝ ናቸው። አንዱ የትምህርት ቤት ዜና ነው፣ የ1959። ፎቶ አለው፣ መምህራን ቆመው። ደብዝዟል፣ ስም አልተጻፈም። ነገ ጠዋት በመስኮት ብርሃን አንስቼ እልክልዎታለሁ።

ሂርና ወንድሜ፣ ያንተ 41 ናቸው። ሁሉንም ከነጀርባቸው አነሳቸዋለሁ። ላሚኔት ከተደረጉት ውስጥም የሂርና ሊኖር ይችላል፤ ፊደሏ ስለተቆረጠች አንድ በአንድ ማንበብ አለብኝ። እስከ እሑድ ስጠኝ።

መዝጋቢዋ፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ ብትመጪ ሳጥኑን አብረን እንክፈተው? ነጭ ወረቀትና ካርቶን ገዝቼ እጠብቅሻለሁ። ወንድሜም ይመጣል። የፊደሎቹን ነገር ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «የገ ደግሞ ስንት ናቸው?» አለኝ። እናታችን ገለምሶ ናት።

መዝጋቢዋ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10)

እመጣለሁ። ያልሽውን ሁሉ አምጪ፤ ስኮች ብቻ እንዳታመጪ። ለስላሳ ብሩሽና ለስላሳ እርሳስ እኔ ይዣለሁ።